ሳይሳሳቱ የዋሉ ልጆች

ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ ለማንም አልተናገርኩትም። ስጀምረው ሰዎች «ታዲያ ምን አጠፉ? ለአንቺው ብለው አይደል?» ይሉኛል፤ ከዚያ በኋላ ለመቀጠል አፌ እሺ አይለኝም። እናንተ ግን ባታቋርጡኝ እስከ መጨረሻው ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ ፍረዱ።

ስሜ ሰብለ ነው። ያደግኩት ሐሙሲት ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ የተመደብኩት ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ዙሪያውን የሩዝ ማሳ በከበበው አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ክረምት ሲገባ ግቢው ራሱ ይጨቀያል፤ ልጆቹ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ነው ወደ ክፍል የሚገቡት። በአምስተኛና በስድስተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስና አማርኛ ሰጡኝ።

ያኔ የማስተምረው እንዲህ ነበር፤ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ «ገባችሁ?» እላለሁ፣ «አዎ ቲቸር» ይላሉ ባንድ ድምፅ። ፈተና ስሰጣቸው ምንም እንዳልገባቸው አያለሁ። ደግሜ እጽፋለሁ፣ ደግመው ይገለብጣሉ። ሁለት ወር ሳልቆይ ሰለቸኝ። ልጆቹን ሳይሆን የራሴን ድምፅ ነው የሰለቸሁት። ወደ ባሕር ዳር ለመቅረብ የዝውውር ማመልከቻ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ያዝኩ።

ማመልከቻውን ከማስገባቴ በፊት ጋሼ አስማረ ያዙኝ። ጋሼ አስማረ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ቀጭን፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ስታዳምጧቸው ሳታውቁት ወደ እሳቸው ትጠጋላችሁ።

«ልትሄጂ ነው አሉ» አሉኝ።

«እያሰብኩ ነው ጋሼ።»

«ሂጂ አልልሽም፣ አትሂጂም አልልሽም። ነገ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እኔ ክፍል ገብተሽ ኋላ ተቀመጪ።»

ገባሁ። ትምህርቱ ከዜሮ በታች ስላሉ ቁጥሮች ነበር። ጋሼ አስማረ ረጅም ገመድ ይዘው ልጆቹን ወደ ግቢው የውሃ ጉድጓድ አወጧቸው። የጉድጓዱ አፍ ዜሮ ነው አሉ። ወደ ላይ ያለው ዛፍ በክንድ ተለካ፣ ወደ ታች ገመዱ ወረደ። አንዲት ትንሽ ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ከዜሮ በታች ያለውን ስንቀዳው ከዜሮ በላይ ይሆናል ማለት ነው?» አለች። ጋሼ አስማረ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አሉ ለልጆቹ። ክርክር ተነሳ፤ ባልዲ ወረደ፣ ወጣ፣ ተቆጠረ። እኔ ከዛፉ ሥር ቆሜ ዕንባዬን እጠርጋለሁ። ትምህርት እንደዚህ ሊሆን እንደሚችል ማንም አሳይቶኝ አያውቅም ነበር። ያን ዕለት ማመልከቻውን ቀደድኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ዓመት በሕይወቴ ደስ ብሎኝ የኖርኩበት ጊዜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሼ አስማረ ጋር መምህራን ክፍል ቁጭ ብለን ሐሳብ እንፈልጋለን። ወረታ ወርጄ ኔትወርክ ደህና የሆነበት ቦታ ፈልጌ ከስልክ ላይ የሌላ አገር መምህራን የሚሠሩትን አወርዳለሁ። አብዛኛው ለእኛ አይሆንም፤ ፊኛ፣ ባለቀለም ወረቀት፣ ሙጫ ይላል። ጋሼ አስማረ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ያዩና «ሐሳቡን ውሰጂ፣ ዕቃውን ተይው» ይሉኛል። በፊኛው ፋንታ የበግ ፊኛ ነፋን፤ በባለቀለም ወረቀቱ ፋንታ የሩዝ ነዶ፣ ጭቃና ጠጠር ሆነ። ክፍልፋይን በገበጣ አስተማርን። አማርኛ ላይ «አሳማኝ ድርሰት ጻፉ» ከማለት ይልቅ ክፍሉን ሽምግልና አደረግነው፤ የአንዱ በሬ የሌላውን ሩዝ በላ፣ ከሳሽ ይናገራል፣ ተከሳሽ ይናገራል፣ ሽማግሎቹ ምክንያታቸውን ጽፈው ያነባሉ። ቃል ተንፍሰው የማያውቁ ልጆች ስለ በሬያቸው ሲከራከሩ ብትሰሙ።

ከእነዚያ ልጆች አንዷ ትርንጎ ነበረች።

ትርንጎ ዘግይታ ትምህርት የጀመረች፣ ከክፍሉ ልጆች በቁመትም በዕድሜም የምትበልጥ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ማሰሮውን ሁሉም ይገዛል፣ ከሠሪው ልጅ ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ክፍሌ ስትገባ ብቻዋን ጥግ ላይ ነበረች። የቡድን ሥራ ስጀምር እየቀያየርኩ አስቀመጥኳቸው፤ አንዳንዶቹ አኮረፉ፣ አንድ ወላጅም መጥቶ ተቆጣኝ። ቆይቶ ግን ልጆቹ ራሳቸው «ትርንጎ ከእኛ ጋር ትሁን» ማለት ጀመሩ። ምክንያቱም ትርንጎ ያለችበት ቡድን ጸጥ አይልም። ብዙ ጊዜ ትሳሳታለች፤ ስትሳሳት ግን ምክንያት አላት፣ ምክንያቷንም በቀላሉ አትለቅም። እሷን ለማሳመን ሲሉ ሌሎቹ ማሰብ ይጀምራሉ። ሳላውቀው ትምህርቴን ሁሉ የምጀምረው እሷ ምን ብላ ትሳሳት ይሆን ብዬ በማሰብ ነበር።

እሷ ስድስተኛ ክፍል በገባችበት ዓመት፣ ኅዳር ላይ ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ጠሩን። በአሳታፊ መንገድ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችን ለማየት ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ትምህርት ቤታችን ለአካባቢው ማሳያ ይሆናል፣ ቤተ ሙከራም ሊሠራለት ይችላል ተባለ። ከየክፍሉ ማን ሠርቶ ያሳይ ሲባል ጋሼ አስማረ ተነሡና «ሰብለ ትሥራ። የወንዙን ትምህርት» አሉ።

የወንዙ ትምህርት የእኔ ነው የምለው ትምህርት ነበር። ግቢ ውስጥ በአፈር ዘንበል ያለ መደብ እንሠራለን፤ በመሀሉ ጠመዝማዛ የውሃ መሄጃ፣ ግራና ቀኝ ጠጠር እንደ ቤት፣ ሣር እንደ ሩዝ። ያ በአጠገባችን አልፎ ጣና የሚገባው ርብ ወንዝ ነው። ከዚያ «በዚህ በኩል ያለውን ዳር በጭቃ ከፍ ብናደርገው ውሃው በየት በኩል ይወጣል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ልጆቹ ውሃው ይወጣበታል ብለው በሚያስቡበት ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ ለምን እዚያ እንደቆሙ ይናገራሉ፤ ተከራክረው ቦታ መቀየር ይችላሉ። በመጨረሻ ውሃው ይፈሳል። እነዚህ ልጆች ነሐሴ ሲመጣ ውሃ ቤታቸው ገብቶ የሚያውቅ ልጆች ናቸው። ጨዋታ አይደለም ለእነሱ።

ከእንግዶቹ መምጫ አንድ ቀን በፊት ጋሼ አስማረ «አንቺ ከሰዓት ወረታ ሂጂና ማርከርና ትልልቅ ወረቀት ገዝተሽ ነይ። ልጆቹን እኔ እይዝልሻለሁ» አሉኝ።

«መደቡን ማስተካከል አለብኝ እኮ ጋሼ።»

«እሱን ለእኔ ተይው። ደክሞሻል፣ እዚያው ከተማ እደሪ።»

እውነትም ደክሞኝ ነበር። ሄድኩ። በልቤ እንዲህ ያለ ሰው ስለሰጠኝ አመሰግን ነበር።

ጠዋት ስመጣ ግቢው ተጠርጓል፣ መደቡ አምሮ ተሠርቷል። እንግዶቹ ሦስት ነበሩ፤ ሁለት ወንዶችና እንደ አለቃ የሆነች አንዲት ጎልማሳ ሴት። ክፍሌን አሰልፌ ሳወጣ ግን የጎደለ ነገር ታየኝ። ትርንጎ የለችም። ሌሎችም አምስት ልጆች የሉም። ቀስ ብዬ ስማቸውን ሳስብ ቅር አለኝ፤ ቀስ ብለው የሚያነቡት፣ አንደበታቸው የሚያዘው፣ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚቀሩት ናቸው።

ወደ ጋሼ አስማረ ጠጋ አልኩና «ትርንጎስ? እነዚያ ልጆችስ የት ሄዱ?» አልኩ።

«ሩዝ አጨዳ ላይ ናቸው። ወላጆቻቸው ትናንት አስፈቅደው ወሰዷቸው» አሉኝ።

ኅዳር ነው። ከአጥሩ ማዶ እንኳ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ ይታያል። ደግሞ የነገሩኝ ጋሼ አስማረ ናቸው። አመንኩ።

ትምህርቱን ጀመርኩ። ርብን አስተዋወቅኩ፣ በቀኝ በኩል ያለውን ዳር በጭቃ ከፍ አደረግኩ፣ ጥያቄዬን ጠየቅኩ፣ «በሉ ቦታችሁን ያዙ» አልኩ።

ሌላ ጊዜ ይህን ስል ግቢው ይተራመሳል። አንዱ ሮጦ ይቆማል፣ ጓደኛው ሌላ ቦታ ሲቆም አይቶ ይመለሳል፣ «አንተ ሞኝ፣ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል እንዴ?» ይባባላሉ። ያን ዕለት ማንም አልሮጠም። ለሰንደቅ ዓላማ እንደሚሰለፍ ሰው ተከታትለው ሄደው ሁሉም ከመታጠፊያው በታች በግራ በኩል ቆሙ። ትክክለኛው ቦታ ነበር።

እንግዶቹ ጻፉ። እኔ ደነገጥኩ።

«ማስተዋል፣ ለምን እዚህ ቆምሽ?» አልኳት የክፍል አለቃዋን።

«ቲቸር፣ የቀኙ ዳር ከፍ ስላለ ውሃው ጉልበቱን ይዞ ወደ ተቃራኒው ዝቅተኛ ዳር ስለሚሄድ ነው» አለች ሳትተነፍስ።

«አንተስ ደሳለኝ?»

«ቲቸር፣ የቀኙ ዳር ከፍ ስላለ ውሃው ጉልበቱን ይዞ...»

ያው ቃል ነው። ምናልባት ተገጣጥሞ ይሆናል ብዬ ለራሴ ለማለት ሞከርኩ። ከዚያ አንድ ነገር አደረግኩ፤ ዕቅዱ ውስጥ የሌለ ነገር። ጎንበስ ብዬ የቀኙን ጭቃ አፈረስኩና ከወንዙ መጨረሻ ላይ፣ ውሃው የሚወጣበትን አፍ ዘጋሁት።

«አሁንስ? ጣና ሞልቶ ውሃውን አልቀበልም ቢል ርብ የት ይሄዳል? ቦታችሁን ያዙ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያን ሁሉ ልጅ አየሁት፤ አንድም ልጅ መደቡን አላየም፣ እኔንም አላየኝም። ሁሉም በትከሻዬ አልፈው ወደ ኋላ ያያሉ። ዞር አልኩ። ጋሼ አስማረ ከእንግዶቹ ጀርባ ቆመው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ እጃቸውን ደረታቸው አካባቢ አድርገው ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ያመለክታሉ፤ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል ማለታቸው ነው። ልጆቹ ተከታትለው ወደ መደቡ ራስጌ ሄዱ።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ውሃውን አፈሰስኩት። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ማጨብጨቡም ተጠንቶ ነበር፣ እኩል ነው የጀመሩት እኩል ያቆሙት። እንግዳዋ ሴት እጄን ጨብጣ «በርቺ» አለችኝ። ሣቅኩ መሰለኝ። ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም።

እንግዶቹ ለምሳ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሲገቡ ማስተዋልን ወደ ዳር ወሰድኳት።

«ትናንት ከሰዓት ምን ሠራችሁ?»

«ተለማመድን» አለች። የደበቀችው ነገር አልነበረም፤ የማውቅ ነው የመሰላት። «ቲቸር አስማረ እስከ ማታ አስጠኑን።»

«ትርንጎስ?»

ማስተዋል መሬት መሬት አየች። «ለእነሱማ ቀድመው ነገሯቸው። እንግዳ ስለሚመጣ ነገ እንዳትመጡ፣ ቲቸር ሰብለ ብላለች አሏቸው። ትርንጎ "ቲቸር እንዲህ አትልም" ብላ ቆማ ነበር። ቲቸር አስማረ "እሷ ናት ስማችሁን አንድ በአንድ የሰጠችኝ" ሲሏት ሄደች።»

ትቻት ወደ መምህራን ክፍል ሄድኩ። ጋሼ አስማረ ብቻቸውን ተቀምጠው ጫማቸውን የነካውን ጭቃ በወረቀት ይጠርጋሉ።

«ጋሼ፣ ልጆቹን አስጠንተዋቸዋል» አልኩ።

«ትንሽ አለማመድኳቸው።»

«ለምን?»

«እንዳትዋረጂ ነዋ ልጄ። ያ ሁሉ ሰው ፊት አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሲሮጥ፣ ሲሰዳደቡ ምን ይባላል? ክፍሏን መያዝ አትችልም ነው የሚባለው።»

«ትርንጎንስ?»

«ታውቂያታለሽ። አንድ ነገር ይዛ ከቆመች አትለቅም። ደግሞ...» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «እንግዳ ምሳ በሚበላበት ቀን የእነሱ ልጅ ከፊት ቆማ ስትከራከር ለወላጆችም ጥሩ አይመጣም። የሰውን አፍ አንቺ አታውቂውም።»

«በእኔ ስም ነው ያስቀሯት።»

«እኔ ብላትማ መቼ ትቀራለች? የምትሰማው አንቺን ነው።»

ይህን ያሉት እኔን የሚያስደስተኝ መስሏቸው ነበር፤ በፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም። እኔ ግን የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። «ሁለት ዓመት አብረን የሠራነው ምን ነበር ታዲያ? እርስዎ አይደሉ እንዴ ልጅ ካልተሳሳተ አይማርም ያሉኝ?» አልኩ።

«ብያለሁ። እውነትም ነው።» ወረቀቱን አጣጠፉት። «ሠርቶ ማሳየት ግን ሌላ ነው። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አዲስ ነገር ያደረግኩብሽ አይምሰልሽ። መጀመሪያ ክፍሌ የገባሽ ቀንስ ምን መስሎሽ ነው?»

«የጉድጓዱ ቀን?»

«ልትሄጂ ነበር። ጎበዝ ልጅ መሆንሽን አይቻለሁ፣ እንድትሄጂ አልፈለግኩም። አንድ የሚያምር ነገር ላሳያት አልኩ። ከዋዜማው ጀምሬ አለማመድኳቸው።»

«ያቺ ትንሽ ልጅ የጠየቀችው...»

«እኔ ነኝ የሰጠኋት። አያምርም?» አሉ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ሰው በማያይዎት ቀን፣ ሳያስጠኑ፣ እንዲህ አስተምረው ያውቃሉ?»

የታጠፈውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እኔ ሐሳቡን እወደዋለሁ» አሉ። «ማታ ማታ እያሰብኩት እተኛለሁ። ግን ያን ሁሉ ልጅ ይዤ፣ ምን እንደሚመልሱ ሳላውቅ፣ ሰሌዳውን ትቼ መቆም... አልደፈርኩትም። አንቺ ደፋር ነሽ።»

ተነሥቼ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ምን እንደምል አላሰብኩበትም ነበር። እንግዶቹ እጃቸውን ታጥበው ቀርበዋል፤ ርዕሰ መምህሩ እያጎረሷቸው ነው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ። «ጠዋት ያያችሁት ትምህርት ትናንት የተጠና ነው። እኔም አላውቅም ነበር። ከክፍሌ ደግሞ ስድስት ልጆች እንዳይመጡ ተደርገዋል። እውነተኛውን ማየት ከፈለጋችሁ ነገ ኑ፣ ወይም ዛሬ ከሰዓት ቆዩ፤ ልጆቹን ጠርቼ ሌላ ትምህርት ላሳያችሁ።»

ርዕሰ መምህሩ የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት። ሁለቱ ወንዶች እርስ በርስ ተያዩ። እንግዳዋ ሴት ግን አልደነገጠችም፤ የድካም ፈገግታ ፈገግ ብላ ወንበር አመለከተችኝ።

«ተቀመጪ እህቴ፣ ምሳ ብይ። እኛም እናውቃለን። የትም ብንሄድ እንዲሁ ነው። የእናንተው እንዲያውም ደህና አድርጎ የተጠና ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ልታዩ መጣችሁ?» አልኩ።

እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። አንዱ ወንድ ጠርሙሱን ከፈተ፤ ርዕሰ መምህሩ «ወጣት ናት፣ ደክሟታል» አሉ። ወጣሁ። ከጋሼ አስማረ ይልቅ ያን ሰዓት የጎዳኝ የዚያች ሴት ደግነት ነው። ተቆጥታ ብታባርረኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት ክፍል አልገባሁም። በማሳዎቹ መሀል ባለው የእግር መንገድ ወደ እነ ትርንጎ መንደር ሄድኩ። መንደሩ ከሌላው ሰው ሰፈር ራቅ ብሎ፣ ጭቃው ከሚወጣበት ቦታ አጠገብ ነው። እናቷ እትዬ እናኑ ደጅ ላይ ተቀምጠው ገና እሳት ያልገቡ ድስቶችን ከጥላ ወደ ፀሐይ ያወጣሉ። ሲያዩኝ ተነሡ፤ እጃቸው ጭቃ ስለሆነ ክርናቸውን ዘረጉልኝ።

«ይግቡ መምህርት። እንግዶቹ ሄዱ?»

«አልሄዱም። ትርንጎን ላናግራት ነው የመጣሁት።»

«ከውስጥ ናት። ከትናንት ጀምሮ አላናገረችኝም» አሉ። ከዚያ ወደ ድስቶቹ እያዩ፣ «እኔስ አልገረመኝም። ድሮም እንዲህ ነው። እሷ ግን እርስዎን የተለዩ አድርጋ ነበር የያዘችዎት። እኔ ደግሞ እሷን አይቼ አመንኩ» አሉኝ። ስድብ ቢሰድቡኝ እችለው ነበር።

ትርንጎ በር ላይ ብቅ አለች። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ናት፤ ጠዋት ለብሳው ሳትወጣ የቀረች ይመስላል። አትቀመጥም፣ አትቀርብም።

«ትርንጎ፣ እኔ አላልኩም» አልኳት። «ስምሽን ለማንም አልሰጠሁም። ጠዋት ስመጣ አጣሁሽ። ጠየቅኩ፤ ሩዝ አጨዳ ሄደዋል አሉኝ።»

«ማን?»

«ቲቸር አስማረ።»

«አመኗቸው?»

«አዎ።»

ለትንሽ ጊዜ አየችኝ። «እኔም አመንኳቸው» አለች።

እናቷ አንገታቸውን ወደ ሥራቸው መለሱ። ሁለታችን እዚያ ደጅ ላይ ቆምን፤ አንድ ሰው ነው ሁለታችንንም ያታለለን፣ ለእኔ ስለ እሷ ዋሽቶ፣ ለእሷ ስለ እኔ ዋሽቶ። ነገር ግን ይህ እኩል አላደረገንም። እኔ ማታ ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ፣ ነገ ደግሞ መምህርት ነኝ። እሷ የተነገራት ነገር ድሮም ስትሰማው ያደገችው ነገር ነው፤ ውሸት መሆኑን መስማት ብቻ ከውስጧ አያወጣውም።

«ነገ ትመጫለሽ?» አልኳት።

«እንጃ» አለች።

መጣች። በማግስቱ ሳይሆን በሚቀጥለው ሳምንት መጣች። የቀሩት ልጆችም ሁሉም ተመለሱ። ክፍሉ ፊት ቆሜ፣ «ስድስት ልጆች እንዳይመጡ የተደረጉት በእኔ ስም ነው፤ እኔ አላልኩም፤ የማንም ልጅ መሳሳት አያሳፍረኝም» ብዬ ተናገርኩ። ልጆቹ ሰሙኝ። ትርንጎም ሰማችኝ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ጥያቄ ጠይቄ «ቦታችሁን ያዙ» ስል ትርንጎ ቀድማ አትሄድም። ሌሎቹ የት እንደቆሙ አይታ፣ ብዙ ሰው ያለበትን መርጣ ትቆማለች። ለምን እንደቆመች ስጠይቃት «ከእነሱ ጋር ነኝ» ትለኛለች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድ ጊዜም አልተሳሳተችም። የፈተና ውጤቷ ተሻሻለ። ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ወደ ሌላ መምህር ሄደች፤ ጸጥተኛና ጥሩ ተማሪ ናት ይሉኛል። እኔ ይህን ስሰማ ምን እንደሚሰማኝ ለማን ልንገር?

ትምህርት ቤታችን ማሳያ ሆኖ ተመረጠ። ጋሼ አስማረ በዚያው ዓመት ሱፐርቫይዘር ሆነው አደጉ፤ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራን እያመጡ አሳታፊ ትምህርት እንዴት እንደሚሠራ ያሳያሉ። በደንብ ነው የሚያስረዱት። እኔም የማውቀውን ያወቅኩት ከእሳቸው ነውና ይህን አልክድም። የጉድጓዱን ትምህርት ዛሬም አፉን ዜሮ ብዬ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ጥልቀት ሳስተምር እጠቀምበታለሁ፤ ያቺ ጥያቄ ግን አንድም ጊዜ ከልጅ አፍ ወጥታ አታውቅም። ሌሎች ጥያቄዎች ይወጣሉ፤ እንደ እሷ የሚያምሩ አይደሉም፣ አንዳንዴም ከነገሩ ጋር ምንም አይገናኙም። የልጆቹ ስለሆኑ ግን እወዳቸዋለሁ።

ምን ቀየረብሽ ለምትሉኝ፣ እምነቴን ቀየረብኝ። አንድ ሰው የሚያምር ትምህርት ሲያሳየኝ ከእንግዲህ ወዲህ መልሱን አላዳምጥም፤ ልጆቹ ወዴት እንደሚያዩ ነው የማየው። ወላጅ የሆናችሁ፣ የልጃችሁን ክፍል ለማየት ተጋብዛችሁ ሁሉም ልጅ እጁን ሲያወጣ፣ ሁሉም ልክ ሲመልስ ብታዩ ወዲያው አታጨብጭቡ። ባዶውን ወንበር ፈልጉ። የማን ልጅ እንደቀረ፣ በማን ስም እንደቀረ ጠይቁ። መምህር የሆናችሁ ደግሞ፣ ከጥያቄያችሁ በኋላ ጸጥታ ሲሆን፣ ልጆቹ ሲተራመሱ፣ አንዷ በተሳሳተ ቦታ ቆማ አልንቀሳቀስ ስትል አትፈሩ። እኔ ያቺን ልጅ አጥቻታለሁ፤ እስከ ዛሬ እንደ እሷ ያለች አላገኘሁም።

ባለፈው ጋሼ አስማረ ወደ ትምህርት ቤታችን መጥተው ግቢ ውስጥ ተገናኘን። እንደ ድሮው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጤንነቴን ጠየቁኝ፤ እኔም እንደ ድሮው ዝቅ ብዬ ሰላም አልኳቸው። በሚቀጥለው ወር መምህራን ይዤ እመጣለሁ፣ የወንዙን ትምህርት ሥሪልኝ አሉኝ።

«ደስ ይለኛል ጋሼ» አልኩ። «ቀኑን ግን አይንገሩኝ። ለልጆቹም አይንገሩ። ዝም ብለው ይምጡና ይግቡ።»

«እንዲያ ከሆነ ምን እንደሚመጣ በምን እናውቃለን?» አሉ።

«አናውቅም» አልኳቸው።

ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ። ወሩ አለፈ፣ ሌላም ወር አለፈ። እስካሁን አልመጡም።